ክሬን ያጣው ከንቲባ

የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ከንቲባ ክሬን መከራየት አቃተው። ገንዘብ አልጠፋም። የከተማው ምክር ቤት በድምፅ ወስኗል፤ ፍርድ ቤትም ፈቅዷል። ግን ክሬን ያለው ሰው ሁሉ «እኔን ተወኝ» ይላል። ሥራውን መጀመሪያ የተቀበለው ኮንትራክተር የግድያ ዛቻ ደርሶበት ጥሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ውድ መኪናው ተቃጥሎ ተገኘ።

ሚች ላንድሩ «በሐውልቶች ጥላ ሥር» ብሎ የሰየመውን መጽሐፉን የሚጀምረው በዚህ የክሬን ፍለጋ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ2018 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ከ2010 እስከ 2018 የኒው ኦርሊንስ ከንቲባ ነበር። ለባርነት ሲዋጉ የነበሩትን የደቡብ መሪዎች ሐውልት ከከተማው አደባባዮች ያስነሳው ሰው እሱ ነው። መጽሐፉ ይህን ታሪክ ከራሱ ሕይወት ጋር እያጠላለፈ ይተርካል።

እኔ ወደ እጄ የገባው ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው መጥታ ነው። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ወደድኩት። ከዚያ ግን ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። መጽሐፉ አንድ ከተማ የወረሰችውን ነገር በዓይኗ እንድታይ ያስገድዳል፤ ይህን ደግሞ በደንብ ያደርገዋል። ደራሲው ራሱ የወረሰውን ነገር፣ ማለትም ስሙን፣ በዚያው ዓይን አላየውም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

የማን ልጅ ነህ?

ሚች የተወለደው በነሐሴ 1960 ነው፤ ከዘጠኝ ልጆች አምስተኛው። አባቱ ሙን ላንድሩ ትንሽ ሱቅ ከነበራቸው ሰዎች የተወለደ፣ በቤዝቦል ችሎታው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነው። ሎዮላ ሕግ ሲያጠና ኖርማን ፍራንሲስ ከሚባል ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ፍራንሲስ በዚያ የሕግ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች አንዱ ነበር። ኋላ ላይ የዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሠርቷል። ይህ ጓደኝነት የላንድሩን ቤት መንገድ የቀየረ ነገር ነው።

ሚች በተወለደበት ዓመት አባቱ የሉዊዚያና ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ነበር። የግዛቱ ገዥ ትምህርት ቤቶች በዘር እንደተለዩ እንዲቀሩ የሕግ ጋጋታ ሲያቀርብ፣ ሙን ከተቃወሙት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ሩቢ ብሪጅስ የተባለች የስድስት ዓመት ጥቁር ሕፃን በመንግሥት ታጣቂዎች ታጅባ እዚያው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ገባች። ጊዜው እንዲህ ነበር። ሙን በ1970 ከንቲባ ሆነ፤ ስምንት ዓመት ሠራ። ሥልጣን ሲይዝ ከከተማው ሠራተኞች 19 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ ሲለቅ 43 በመቶ ደርሰው ነበር። በኋላም በፕሬዚዳንት ካርተር ካቢኔ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስትር ሆነ።

ልጆቹም ተከተሉ። ትልቋ ማሪ ከ1997 እስከ 2015 ሴናተር ነበረች። ሚች ቴአትርና ፖለቲካል ሳይንስ ተማረ፣ ከዚያ ሕግ፣ ከዚያ በ27 ዓመቱ ግድም የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ገባ። የተቀመጠበት ወንበር ቀደም ሲል አባቱም እህቱም ተቀምጠውበት የነበረ ወንበር ነው! እዚያ 16 ዓመት ቆየ፤ ከዚያ የግዛቱ ምክትል ገዥ ሆነ። ለከንቲባነት በ1994 ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ2006 በድጋሚ ተወዳድሮ በጠባብ ልዩነት በሬይ ኔጊን ተሸነፈ። በ2010 ግን በ66 በመቶ ድምፅ አሸነፈ፤ ከአባቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነጭ ከንቲባ ሆነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የለመድኩት ነው። ከ1970 እስከ 2018 ድረስ 48 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ኒው ኦርሊንስ ስድስት ከንቲባ ነበራት፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ዓመት። ሙን ላንድሩ፣ ደች ሞሪያል፣ ሲድኒ ባርተለሚ፣ ማርክ ሞሪያል፣ ሬይ ኔጊን፣ ሚች ላንድሩ። ደች ሞሪያል የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ነው፤ ማርክ ልጁ ነው። ሚችን በ1994 የቀደመውም ይኸው ማርክ ነው። እንግዲህ ደምሩት። ከ48 ዓመት 32ቱን ከተማዋን የመሩት ሁለት አባቶችና ሁለት ልጆች ናቸው።

እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፣ አያቴ ሦስተኛ ሆኖ መታወቂያ ላይ ይገባል፣ ልጄ ሲመጣ አያቴ ይወጣል። እንደ ወረፋ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ስለዚህ «ላንድሩ» የሚለው ነገር በእኛ ወረቀት ላይ አይሠራም። ግን ወረቀቱ ያልያዘውን አፋችን ይይዘዋል። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ያልተጠየቀ ማን አለ? አባቴ አናጺ ነው። ጥያቄውን ስመልስ ጠያቂው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ፊቱ አይከፋም፣ አይበራም፣ ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሚች ላንድሩ ይህን ፊት በሕይወቱ ያየው አይመስለኝም። እሱን ሰዎች ወይ አባቱን ስለሚወዱ ያቅፉታል፣ ወይ አባቱን ስለሚጠሉ ይሰድቡታል። ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ማን ጻፈው? መቼ?

መጀመሪያ የሚገባውን ልስጠው። መጽሐፉ አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ በአጠገቡ ያለፈውን ነገር ድንገት እንዴት እንደሚያይ ያሳያል። ሚች ያደገው በሮበርት ሊ ሐውልት ሥር እየተመላለሰ ነው። ሐውልቱ ከረጅም ዓምድ ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ያያል። ሚች ልብ ብሎት አያውቅም። የዘር መለያየትን በተቃወመ ሰው ቤት ያደገ ልጅ እንኳ አላየውም! ከተማዋ በ2018 ለምታከብረው 300ኛ ዓመት ሲዘጋጅ፣ እዚያው የተወለደው የጃዝ ሙዚቀኛ ዊንተን ማርሳሊስ ሊን ስለማንሳት እንዲያስብበት ጠየቀው። ሚች መጀመሪያ ነገሩ አልተዋጠለትም። ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

ሲያነብ ያገኘው ነገር ለእኛ ለኮድ ሰዎች በጣም የታወቀ ነው። ኮድ ላይ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈውና መቼ እንደጻፈው የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፤ ጊት ብሌም ይባላል። አንድ ግራ የሚያጋባ መስመር ስታዩ «ይህ ለምን ተጻፈ?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ተጻፈ?» ትላላችሁ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይነግራችኋል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1865 ነው። የሊ ሐውልት የቆመው በ1884 ነው። የጄፈርሰን ዴቪስ በ1911። የጄኔራል ቦሪጋርድ በ1915። ሐዘንተኛ ለሙታኑ ያቆመው ቢሆን ኖሮ ቀኑ እንዲህ አይዘገይም። ሐውልቶቹ የተተከሉት ጥቁሮች ከጦርነቱ በኋላ ያገኙትን የመምረጥ መብት በተነጠቁበት ዘመን፣ ከተማውን ማን እንደያዘው ለማሳየት ነው። ላንድሩ ይህን በቀላል ቋንቋ፣ ሳይንዛዛ ያስረዳል። በ2017 ግንቦት፣ ሊ በወረደበት ቀን ያደረገው ንግግርም በመላው አሜሪካ የተሰማው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በንግግሩ ውስጥ አንዲት ጥቁር እናት ለትንሽ ልጇ ያ ከላይ የቆመው ሰውዬ ማን እንደሆነና ለምን እዚያ እንደቆመ ስታስረዳ አስቡ ይላል። ቴአትር መማሩ በከንቱ አልቀረም።

ከምዕራፎቹ ሁሉ የወደድኩት ስለ ዴቪድ ዱክ የጻፈውን ነው። ዱክ የኩ ክለክስ ክላን መሪ የነበረ ሰው ነው፤ በ1989 ተመርጦ ሚች ያለበት ምክር ቤት ገባ። ነጩን ቀሚስ አውልቆ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ግብርና ስለ መንግሥት ድጎማ ያወራል። ላንድሩ ይህን ሰው ከቅርብ ሆኖ አይቶታል፤ ጥላቻ አነጋገሩን ሲያሳምር እንዴት ተቀባይነት እንደሚያገኝ ይተርካል። ይህን ምዕራፍ የሚያነብ የእኛ አገር ወጣት አንድም ጊዜ አሜሪካ ሩቅ ናት ብሎ የሚያስብ አይመስለኝም።

ኮሜንት እና ማጥፋት

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ከተነሱት አራት ሐውልቶች ሦስቱ የሰው ሐውልት ናቸው። አራተኛው ድንጋይ ነው፤ «የነፃነት አደባባይ ጦርነት» መታሰቢያ ይባላል። በ1874 «ነጭ ሊግ» የተባለ የታጠቀ ቡድን ጥቁሮችና ነጮች አንድ ላይ የሚሠሩበትን የግዛቱን መንግሥት ለመገልበጥ ከፖሊስ ጋር ተዋጋ፤ ሰው ገደለ፣ ለቀናትም ከተማውን ያዘ። ለዚህ ነገር በ1891 መታሰቢያ ቆመለት። በ1932 ደግሞ የነጭ የበላይነትን በግልጽ የሚያወድስ ጽሑፍ ተቀረጸበት። በስውር አይደለም፤ በድንጋይ ላይ፣ በአደባባይ።

የዚህ ድንጋይ ታሪክ የሚከተለው ነው። በ1974፣ ሙን ላንድሩ ከንቲባ ሳለ፣ ከተማው ከድንጋዩ ጎን ሌላ ጽሑፍ አቆመ፤ ይህ ሐሳብ የዛሬዋን ኒው ኦርሊንስ አይወክልም የሚል። በ1981 ደች ሞሪያል፣ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ፣ ድንጋዩ ይነሳ አለ። የከተማው ምክር ቤት ከለከለው። በ1989 ለመንገድ ሥራ ተብሎ ተነሳ። ባለሐውልቶቹ ከሰሱ፤ በ1993 ትንሽ ራቅ ብሎ ተመልሶ ቆመ። በመጨረሻ በ2017 ሚያዝያ፣ ሌሊት፣ ፊታቸውን የሸፈኑና ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች አነሱት። ከንቲባው ሚች ላንድሩ።

በኮድ ቋንቋ ልንገራችሁ። አባትየው ኮዱን ሳይነካ ከላዩ ኮሜንት ጻፈ፤ «ይህ ስህተት ነው፣ አትጠቀሙበት»። ጥቁሩ ከንቲባ «እናጥፋው» አለ፣ አልተፈቀደለትም። ከ36 ዓመት በኋላ ልጅየው አጠፋው፤ ለዚህም መጽሐፍ ጻፈ፣ ተጨበጨበለት፣ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር እንደሆነ ተጠየቀ።

ያጠፋው ሰው አልፈራም እያልኩ አይደለም። ዛቻው እውነት ነበር፣ መኪናው በእውነት ተቃጥሏል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ተመሳሳይ ነገር አንዱ ሲለው ጠብ ጫሪነት፣ ሌላው ሲያደርገው ጀግንነት የሚሆነው ለምንድነው? ሞሪያል ድንጋዩ ይነሳ ሲል የራሱን ወገን የሚያስደስት ተደርጎ ታየ። ላንድሩ ሲል ግን የራሱን ወገን የተጋፈጠ ሰው ሆነ። የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ ራሱ ደራሲው ታሪክን የሚጋፈጥ የደቡብ ነጭ መሆኑን ይናገራል። የመጽሐፉ ጉልበት ያለው እዚያ ቃል ላይ ነው፤ ነጭ በሚለው። ተመሳሳዩን ታሪክ ጥቁር ከንቲባ ቢጽፈው ማን ያነበዋል? ማን «ደፋር» ይለዋል?

ለዓመታት አደባባይ ወጥተው ሲጮኹ ስለነበሩት ሰዎችም ይኸው ጥያቄ አለ። ሐውልቶቹ እንዲወርዱ የሚታገሉ የከተማው ጥቁር አክቲቪስቶች ከንቲባው ከማንበቡ በፊት አንብበው ጨርሰው ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ለእነሱ የተሰጠው ቦታ አነሰ ብለው የተቹ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። የመጽሐፉ ዋና ታሪክ የአንድ ሰው መንቃት ነው። አንድ ሰው ሲነቃ ግን የቀሰቀሱት ሰዎች ሲጮኹ ነው ያደሩት።

የእኔው ታሪክ

ይህን ሁሉ ጥያቄ ከየት አመጣሁት? ከራሴ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍያ ሥራ የሚሠራ አንድ አሮጌ ፋይል ነበር። ማንም አይነካውም። ከላዩ «ይህን አትንኩ» የሚል ኮሜንት ነበረው፤ ጸሐፊው ከለቀቀ ቆይቷል። በየወሩ መጨረሻ ሲስተሙ ይንገዳገዳል፣ እኛ እናመሻለን። ከእኔ በፊት የገባች አንዲት ባልደረባ ነበረች። ፋይሉን አጥፍተን እንደገና እንጻፈው ብላ ነበር። አልተሰማችም። እኔ ከገባሁ ከዓመት በኋላ ያንኑ ሐሳብ አቀረብኩ። አለቃችንና እኔ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርነው፣ አብረን ኳስ እናያለን። «ጎበዝ፣ ሞክረው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ሠራ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። እሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች።

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ሥራውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። «ሐሳቡ የእሷ ነበር» ለማለት ግን አፌ ነበረኝ፤ አላልኩም። ላንድሩን ሳነብ ያየሁት ያን ስብሰባ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ዳኛ አይደለም። የአናጺ ልጅም ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ስም ይኖረዋል፤ ወንድ መሆን፣ የአንድ ግቢ ልጅ መሆን፣ አንድ ቋንቋ መናገር። በሩ ሲከፈትልን ገፍተን የከፈትነው ይመስለናል።

ለላንድሩ ስከራከር

ግን ፍትሐዊ እንሁን። «ስም ስለነበረው ቀለለው» ብዬ ብዘጋ ሰነፍ ሒስ ይሆናል። ስም ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ አያደርግም፤ አብዛኛው ስሙን ይጠብቃል። ስም ሀብት ነው፣ ሀብት ያለው ሰው ደግሞ ማውጣት አይወድም። ሚች ሁለተኛው ዘመኑ ላይ ነበር፣ ሦስተኛ አይፈቀድለትም። ሪባን እየቆረጠ፣ የ300ኛውን ዓመት በዓል እየጠበቀ በሰላም መውጣት ይችል ነበር። ከዚያ ይልቅ የቤተሰቡን ስም አውጥቶ አጠፋው፤ ማጥፋት ማለቴ እንደ ገንዘብ ነው፣ ለሚረባ ነገር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እሱ ከመቃብር በታች እያለ ነው የተጠቀመበት።

ሥራውንም በአንድ ሌሊት ትእዛዝ አልጨረሰውም። በ2015 ሰኔ ቻርልስተን ውስጥ አንድ የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ዘጠኝ ጥቁር ምእመናንን ሲገድል፣ ላንድሩ ጉዳዩን በይፋ አነሳ። የሕዝብ ስብሰባ ተካሄደ፣ ጩኸት ነበር፣ ምክር ቤቱ በ6 ለ1 ድምፅ ወሰነ። ከዚያ ክስ፣ ይግባኝ፣ ዓመት ከምናምን ጥበቃ። አባቱ በ1960 ያደረገው ከብዙኃኑ ተነጥሎ «አይሆንም» ማለት ነበር። ልጁ ያደረገው «ይሁን» ብሎ ማስፈጸም ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ወረቀት አለው፣ ብዙ ክሬንም ይፈልጋል።

ፓምፖቹ

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ኢንጂነርነቴ አላስተኛኝም። ኒው ኦርሊንስ እንደ ሳህን ናት፤ ሰፊ ክፍሏ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በራሱ አይወጣም፣ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። ከፓምፖቹ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ይሠራሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩበት ኤሌክትሪክ ደግሞ 25 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው! ስለዚህ የከተማው ውኃ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ፓምፖች የሚሆን ኤሌክትሪክ በአሮጌ ተርባይኖች ራሱ ያመነጭ ነበር። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሌጋሲ ሲስተም ማለት ይህ ነው። ማንም አይወደውም፣ ማንም አያጠፋውም፣ ሁሉም ሰው ከሱ በታች ይተኛል።

በ2005 ነሐሴ ካትሪና ስትመጣ የጎርፍ ግድቦቹ ተደረመሱ፤ የከተማው 80 በመቶ ውኃ ውስጥ ገባ። ሚች ያኔ ምክትል ገዥ ነበር። ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥም የተረከበው ያን የተሰበረ ከተማ ነው፤ በጀቱ የተናጋ፣ ፖሊሱ ላይ እምነት የጠፋ። ብዙ ነገር አቃንቷል፤ ይህን ተቺዎቹም አይክዱም። ሊ ከዓምዱ በወረደ በሦስት ወር ገደማ ግን፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017፣ ያለ ምንም ማዕበል፣ ተራ የበጋ ዝናብ ከተማውን አጥለቀለቀው። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ ፓምፖቹ ሁሉ እየሠሩ ነበር አሉ። እየሠሩ አልነበረም። በርካታ ፓምፖችና ተርባይኖች ቀድመው ተበላሽተው ነበር። በቀናት ውስጥ ደግሞ ሌላ ተርባይን እሳት ነካው። የዚያ መሥሪያ ቤት ቦርድ ፕሬዚዳንት በሕግ ማነው? ከንቲባው።

ይህን የማነሳው «ሐውልት ሲያወርድ ፓምፕ ረሳ» ለማለት አይደለም። ያ ርካሽ ክርክር ነው፤ ሐውልቱን የሚወዱ ሰዎችም ያኔ ደጋግመው ተጠቅመውበታል። አንድ ከተማ ሁለቱንም መሥራት ይችላል። የማነሳው ሁለቱም ውርስ ስለሆኑ ነው። ሐውልቱም ተርባይኑም የዛሬ መቶ ዓመት ሰዎች ትተውት የሄዱት ነገር ነው። ሐውልት ሲወርድ ካሜራ አለ፣ ንግግር አለ፣ ቀን አለው። ፓምፕ ሲጠገን ማንም አያጨበጭብም፤ ሲሰበር ግን ድሀው ሰፈር ቀድሞ ይሰምጣል። ፖለቲከኛ ልጆች ከአባቶቻቸው የሚወርሱት ትልቁ ነገር ምናልባት ይህ ነው፦ የትኛው ሥራ እንደሚታይ ማወቅ።

ላንድሩ ራሱ ይህን የተረዳው ይመስለኛል። በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን የመሠረተ ልማቱን ትልቅ በጀት እንዲያስተባብር ሾሙት፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ ቧንቧ። ከሐውልት በኋላ ቧንቧ። አባቱ ሙን የሞተው በ2022 መስከረም ነው፣ ልጁ በዚያ ሥራ ላይ እያለ።

ዓምዱ

የሊ ሐውልት የነበረበት አደባባይ ዛሬ ስሙ ተቀይሯል፤ በ2022 «ሃርመኒ» ተባለ፣ ስምምነት ማለት ነው። ሐውልቱ ወርዷል። ረጅሙ ዓምድ ግን አልተነሳም። ባዶውን ቆሟል። መጽሐፉን አንብቤ ስጨርስ የዓምዱን ፎቶ ብዙ ጊዜ አየሁት። ላዩ ላይ ማንም የለም፣ ግን ከፍታው አለ። ማንንም ብታስቀምጡበት ትልቅ ይመስላል።

የፖለቲካ ቤተሰብ ስምም እንዲሁ ይመስለኛል። ሚች ላንድሩ ከፍታውን ለጥሩ ነገር ተጠቅሞበታል። የመጽሐፉ ጉድለት ከፍታውን የራሱ ቁመት አድርጎ መቁጠሩ ነው። እናንተ ግን አንብቡት። በተለይ «የእኛ አገር ታሪክ ሌላ ነው» የምትሉ አንብቡት። ስታነቡ ደግሞ በየገጹ ጠይቁ፦ ይህን ከእሱ በፊት ማን ብሎት ነበር?

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ጠየቅኩ። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለዚያች ባልደረባዬ ላኩላት። አሁን ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። በማግስቱ መለሰችልኝ። ስሟን እንዳልጠቅስ ጠየቀች፤ እሺ ብያለሁ። ከዚያ አንድ ነገር አረመችኝ። «ሐሳብ አቀረበች ብለህ ነው የጻፍከው» አለች። «እኔ ሐሳብ አይደለም ያቀረብኩት። አሥራ አንድ ገጽ ዲዛይን ጽፌ ነበር። አንተ ስትጀምር ፎልደሩ ውስጥ ነበረ።»

ነበረ። አንብቤው ነበር። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ግን ረስቼው ነበር፤ ከላይ ያለውን አንቀጽ ሳላርመው የተውኩትም ለዚያ ነው።